አንቺ ቅደሚ

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ዝቅ ብሎ፣ በስተግራ፣
ነፋስ ሲገባበት ቆርቆሮው እንደ ወይፈን የሚያጓራ
የሲሚንቶ መጋዘን ነበረ፤ እዚያ ነው፣ ሌንሴ፣ አንቺ ከፊት እኔ ከኋላ፣
ጋሽ ጥላዬ በኖራ ባሰመሩት ሜዳ፣ ግማሹ በጫማ በተበላ።

መረባችን የዓሣ መረብ ነው፣ ከዝዋይ በአይሱዙ የመጣ፤
ቅርፊት ይገኝበታል አንዳንዴ፣ ደርቆ ጨው መስሎ የነጣ።
ላባዋ ግን ውድ ናት፤ አሥራ ስድስት የዝይ ላባ፣ ቡሽ ላይ የተሰካ፤
አንዱ ሲሰበር በማስቲሽ እንጠግናታለን። ለካ
የተጠገነ ነገር ሲበር
ወደ ተጠገነበት ያዘነብላል።

ነፋሱ ሦስተኛ ተጫዋች ነበር።
ከአቃቂ በኩል በቀዳዳው ይገባል፣
ከሰዓት ወደ ምሥራቅ ይገፋል፣ ሲመሽ ይመለሳል።
አመሉን ቀስ በቀስ ለመድነው፦
አንድ ክንድ አሳልፎ መምታት፣
የቀረውን ለእሱ መተው።
ከሜዳ የወጣችው ላባ ዞራ መስመር ላይ ቁጭ ስትል
ጋሽ ጥላዬ ያጨበጭባሉ፣ ራሳቸው ያስተማሯት ይመስል።

ከዚያ ፓስፖርት መጣ። ካምፓላ። ሌጎስ። ፖርት ሉዊስ።
ጀርባችን ላይ የሀገር ስም፣ ሁለታችንን አንድ ላይ የሚውጥ ቱታ፣
ስንመለስ በሻንጣ የሆቴል ሳሙና፣
አበሉ በሚቀጥለው ሳምንት፤
የሚቀጥለው ሳምንት በሚቀጥለው።

አዳራሾቹ ነፋስ አልነበራቸውም።
በሩ ይዘጋል፣ ማቀዝቀዣው ይጠፋል፣
ላባ እንዳትሳሳት።
የእኛ እጅ ግን ለሌለ ነፋስ ቦታ ይተዋል።
አንድ ክንድ ውጪ።
አንድ ክንድ ውጪ።
የመስመር ዳኛው ሁለት እጁን ይዘረጋል፣
ሊያቅፈን የመጣ ዘመድ ይመስል።

ሦስት ዓመት ፈጀብን
ቱሉ ዲምቱን ከክንዳችን ለማውጣት።

የዚያችን ቀን ነገር ላንሳው? አንቺ አትወጂም። ላንሳው።
ሦስተኛው ጨዋታ፣ ሃያ ዘጠኝ እኩል፣
የምትቀጥለው ላባ ትጨርሳለች።
ጎን ለጎን ቆመናል። ከፍ ብላ መጣች፣ ሳትቸኩል፣
ልክ በመሐላችን።
ሁለታችንም ደርሰንባታል።
ሁለታችንም ራኬታችንን ዝቅ አደረግን።

ታክሲ ላይ የምንጋፋ፣ በር ላይ የምንግደረደር ሰዎች ነና!
ሳህን ላይ በቀረች ጉርሻ፣ በለቅሶ ድንኳን መግቢያ፣
በልጅነት የገባን ነገር እጃችን ላይ ወጣ፦
«አንቺ ቅደሚ።»
«ኧረ በሞቴ፣ አንቺ።»

ወደቀች።
ያን የሚያህል ነገር ሲወድቅ ድምፅ የለውም።

ማይክ የያዘው ልጅ «ያቺ ላባ የማን ነበረች?» ሲል
ሁለታችንም እኩል አፍ ከፈትን፦
«የኔ።»
ያን ጊዜ። ከመሸ።

ከዚያማ ጉልበትሽ። ከዚያ ሠርግሽ። ከዚያ ገላን፣ የብረታ ብረት ሱቅ።
ፌዴሬሽኑ «በነጠላ ሞክሪ» አለኝ፤
ነጠላ አዘቅዝቄ ለቅሶ መድረስ አውቃለሁ፣
በነጠላ መጫወት ግን
ግራዬ ይበርደኛል።

መጋዘኑ ዛሬ ጂፕሰም ይከማችበታል።
እኔ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ፣ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ፣
ስድስት ልጆች አሠለጥናለሁ፤ የሰው አንሶላ መረባችን ነው።
መጀመሪያ የማስተምራቸው መምታት አይደለም፣ መጮህ ነው፦
«የኔ!» በሉ። ባትደርሱባትም በሉ።
አንዷ፣ ሲፈን የምትባል፣ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች።
እሷ ትቸግረኛለች። እሷን እወዳታለሁ።

ትናንት ማታ ደወልሽ።
ስለ ብረት ዋጋ አወራን፣ ስለ ጋሽ ጥላዬ ዓይን ሞራ፣ ስለ ዝናብ፤
ከወዲያ፣ ከሱቅሽ ጣሪያ፣ የላላ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ይሰማኛል፤
ክንዴ ሳላዘው ትንሽ ዘንበል አለ።

«በይ ደህና እደሪ፣ ዝጊው።»
«አንቺ ዝጊ።»
«ኧረ አንቺ።»
ማናችንም ሳንዘጋው፣ ነፋሱን ስናዳምጥ፣
ካርድሽ አለቀ።